መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ይቆያል? ፋርማኮሎጂን ለሚጀምሩ የጤና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

እዚህ የተሰበሰባችሁት የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የሚድዋይፈሪና የፋርማሲ ተማሪዎች የፋርማኮሎጂን የመጀመሪያ ኮርስ ልትጀምሩ ነው። ከእናንተ ቀድመው ኮርሱን የወሰዱ ተማሪዎች ምን እንዳሏችሁ መገመት አይከብደኝም፤ «የስም ትምህርት ነው፤ የሸመደደ ያልፋል፣ ያልሸመደደ ይወድቃል» ብለዋችኋል። ምክሩን የሚሰጡት በቅን ልብ ነው፤ በዚያው መንገድ ኮርሱን ያለፉም አሉ። እኔ ግን ራሴ ተሳስቼበታለሁና ዛሬ የምነግራችሁ ለምን እንደሚያሳስት ነው።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁና ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልኩት፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የሚታዘዝለት በሽታ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ የማይሰጥበት ሁኔታ። ከመቶ በላይ ስም በቃሌ ይዤ ወደ ፈተና ገባሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አንድም የመድኃኒት ስም አልነበረበትም። «ግማሽ ዕድሜው 8 ሰዓት የሆነ መድኃኒት በየ8 ሰዓቱ ቢሰጥ፣ በደም ውስጥ የሚኖረው መጠን የሚረጋው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? የሚሰጠው መጠን እጥፍ ቢሆንስ ቶሎ ይረጋል?» ይላል። አራቱን ዓምዶች በሐሳቤ ባገላብጥ መልሱን ከየትኛውም አላገኘሁትም። ገምቼ «አዎ፣ በግማሽ ጊዜ ይረጋል» ብዬ ጻፍኩ። ተሳሳትኩ፤ ፈተናውንም ወደቅኩ።

ፋርማኮሎጂ ከሁሉ አስቀድሞ የመጠንና የጊዜ ትምህርት መሆኑን ያሳየኝ ያ ጥያቄ ነው። ስሞቹ መምጣታቸው አይቀርም፤ ነገር ግን የሚንጠለጠሉበት ሳይኖራቸው የተሰበሰቡ ስሞች በፈተናው ማግስት ይራገፋሉ። ታማሚው ፊት ስትቆሙም የምትጠየቁት ምን ያህል፣ በየስንት ሰዓቱ፣ እስከ መቼ እየተባላችሁ ነው።

እንዲያውም የሽምደዳው መንገድ ከዚህ ሳይንስ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ፋርማኮሎጂ ራሱን ችሎ ከመቆሙ በፊት ሐኪሞች የሚማሩት የዕፅዋትንና የማዕድናትን ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ አጠገብም «ለዚህ ይበጃል» የሚል ማስታወሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ሩዶልፍ ቡክሃይም ዛሬ ታርቱ በምትባለው በዶርፓት ከተማ የመጀመሪያውን የፋርማኮሎጂ ቤተ ሙከራ በራሱ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሲያቋቁም ጥያቄው ተለወጠ፤ «ለየትኛው በሽታ ይበጃል?» መባሉ ቀርቶ «እንዴት ይሠራል?» ተባለ። ስለዚህ አራት ዓምድ የሚያሰምር ተማሪ ሳያውቀው ከ1847 በፊት የነበረውን ትምህርት እየተማረ ነው ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ መልሱን በደንብ ከተረዳችሁት የኮርሱ ሲሶ በእጃችሁ ገባ ማለት ይቻላልና። ከሥሩ የተቀደደ በርሜል በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ከላይ ውኃ በእኩል መጠን ይገባል፤ ከታች ደግሞ ይፈሳል። በርሜሉ ባዶ በሆነበት ሰዓት የሚፈሰው ጥቂት ነው፤ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ግን ግፊቱ ይጨምራል፣ የሚፈሰውም ይበዛል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው ይስተካከላሉ፣ ውኃውም ይረጋል። አብዛኞቹ መድኃኒቶችም በሰውነት ውስጥ እንዲሁ ናቸው፤ ጉበትና ኩላሊት በየሰዓቱ የሚያስወግዱት በደም ውስጥ ካለው መጠን የተወሰነ እጁን ነው። በክፍል ውስጥ ሃፍ ላይፍ እያልን የምንጠራው ግማሽ ዕድሜ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። መድኃኒቱ በተከታታይ ሲሰጥ አንድ ግማሽ ዕድሜ ካለፈ በኋላ የመጨረሻው ከፍታ 50 በመቶ ላይ ይደረሳል፤ ከሁለት በኋላ 75፣ ከሦስት በኋላ 87.5፣ ከአራት በኋላ 93.75፣ ከአምስት በኋላ 97 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው «ከአራት እስከ አምስት ግማሽ ዕድሜ» የሚባለው፤ ግማሽ ዕድሜው 8 ሰዓት ለሆነው መድኃኒት ከ32 እስከ 40 ሰዓት ማለት ነው። የሚሰጠውን መጠን በእጥፍ ብናሳድግ የመጨረሻው ከፍታ እጥፍ ይሆናል፤ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ግን ቅንጣት አያጥርም። የሚያስቸኩል ነገር ካለ ያለው መፍትሔ በርሜሉን መጀመሪያ አንዴ በአንድ ጊዜ መሙላትና ከዚያ በኋላ የሚፈሰውን ያህል ብቻ እየተኩ መሄድ ነው፤ የመነሻ ትልቅ መጠን፣ ማለትም ሎዲንግ ዶዝ፣ የሚሰጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን አንዳንድ ስሞችን እንስቀልበት። ለልብ ድካምና ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው ዲጎክሲን ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ግማሽ ዕድሜው አንድ ቀን ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያለ መነሻ መጠን ከተጀመረ ለመርጋት አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ኩላሊቱ የደከመ ታማሚ ዘንድ ደግሞ ግማሽ ዕድሜው ወደ ብዙ ቀናት ስለሚረዝም፣ መጠኑ ሳይቀነስ ከተሰጠ በሁለተኛው ቀን ደህና የነበረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ማቅለሽለሽና የልብ ምት መዛባት ይዞት ሊመጣ ይችላል። በሌላው ጫፍ አዴኖሲን አለ፤ ግማሽ ዕድሜው ከ10 ሰከንድ ያነሰ በመሆኑ በደም ሥር በፍጥነት ተገፍቶ፣ ወዲያው ፈሳሽ ተከትሎት ካልገባ ልብ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። አሚዮዳሮን ደግሞ በስብ ውስጥ እየተከማቸ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ይቆያል። ሦስቱም ለልብ ምት መዛባት የሚሰጡ ናቸው፤ በአራት ዓምዱ ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው አንድ ዓይነት ይመስሉኝ ነበር።

ግማሽ ዕድሜ ራሱ ከሁለት ነገሮች እንደሚወለድ ግን አትርሱ፤ አንዱ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰራጭ ነው፣ ሁለተኛው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወገድ ነው። ተማሪዎች በስርጭቱ ላይ ሁልጊዜ ይደናገጣሉ። ባለ70 ኪሎ ሰው በመላ ሰውነቱ ያለው ውኃ 42 ሊትር ገደማ ሆኖ ሳለ የዲጎክሲን የስርጭት መጠን 500 ሊትር ገደማ ነው ሲባሉ «ሰውየው የት ያደርገዋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። 500 ሊትር የሚባል ዕቃ በሰውነት ውስጥ የለም፤ ቁጥሩ የሚነግረን መድኃኒቱ ከደም ወጥቶ በጡንቻና በሌሎች ሕዋሳት ላይ መጣበቁን፣ በደም ውስጥ የቀረው እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ በዲጎክሲን የተመረዘን ሰው ደም በማሽን ማጠብ ለምን እንደማይጠቅም ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ የሚታጠበው ደም ነው፣ መድኃኒቱ ግን ደም ውስጥ የለም።

በአፍ የሚወሰድ መድኃኒትም በቀጥታ ወደ ደም አይገባም። ከአንጀት የሚነሳው ደም መላሽ ሥር መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነውና አንዳንዱ መድኃኒት ገና ሥራውን ሳይጀምር እዚያው ይፈርሳል። ለደረት ውጋት የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ቢዋጥ ጉበት አብዛኛውን ስለሚያወድመው ነው፤ ከምላስ ሥር የሚነሳው ደም ግን ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብ ይሄዳል። ታማሚው «ከምላስ ሥር» የተባለውን እንደ ዘበት ቆጥሮ ቢውጠው ምን እንደሚሆን ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው።

የበርሜሉ ምሳሌ የማይሠራበትም ቦታ አለ፤ ምሳሌን የት እንደሚሰበር ሳያውቁ መያዝ አደገኛ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይንን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም በተለመደው የሕክምና መጠን ላይ እንኳ ወደ ሙሉ አቅሙ የተጠጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመረውን የሚያነሳ ትርፍ እጅ የለውም፤ ስለዚህ መጠኑን በአንድ ሦስተኛ ብቻ ማሳደግ በደም ውስጥ ያለውን በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊያሳድገው ይችላል። ታማሚው መንገዳገድ፣ ዓይኑም መርገብገብ ይጀምራል። አልኮልም የሚወገደው እንዲሁ በሰዓት በተወሰነ ልክ ነው፤ የጠጣው ሰው ቢቸኩልም ጉበቱ አይቸኩልለትም።

ሰዓቱ የመድኃኒቱ የራሱ ሳይሆን የሌላ ነገር የሆነበትም ጊዜ አለ፤ በግሌ የኮርሱ ውብ ክፍል የምለው ይህንን ነው። አስፒሪን በራሱ መልክ በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ማገዱ ግን ከ7 እስከ 10 ቀን ይዘልቃል። እንዴት? እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ቬን አስፒሪን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ የሰውነት ኬሚካሎች መመረትን እንደሚገታ አሳየ፤ ለዚህ ዘርፍ ሥራውም በ1982 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋርቷል። አስፒሪን እነዚህን የሚያመርተውን፣ ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም እስከመጨረሻው ያበላሸዋል፤ ፕሌትሌት ደግሞ ኒውክሊየስ ስለሌለው አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሄደ በኋላ የምንጠብቀው የፕሌትሌቱን ዕድሜ ነው። የደም መርጋትን የሚከላከለው ዋርፋሪንም እንዲሁ ነው። ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች በጉበት አዲስ እንዳይመረቱ ያግዳል እንጂ ቀድሞ የተመረቱትን አይነካም፤ ከእነዚህ መካከል ሰባተኛ ፋክተር የሚባለው በ6 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ፕሮትሮምቢን የሚባለው ግን ወደ 60 ሰዓት ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ቀን የዋርፋሪን መጠን ለምን በችኮላ እንደማይጨመር፣ አስቀድሞ በደም ሥሩ ውስጥ ደም ለረጋበት ሰው ለምን ወዲያው በሚሠራው ሄፓሪን ለጥቂት ቀናት እንደሚታገዝ ከዚህ ይወጣል። ሁለቱንም በሽምደዳ ብትይዟቸው ሁለት የተለያዩ ሕጎች ይሆኑባችኋል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሰውነት በመድኃኒቱ ላይ ስለሚያደርገው ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የሚያደርገውን በተመለከተ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ታሪክ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1905 ጆን ላንግሌይ ኒኮቲንና ጡንቻን የሚያዝለው መርዝ ኩራሬ በጡንቻ ላይ እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ ተመልክቶ ሁለቱም የሚነኩት አንድ «ተቀባይ ነገር» በሕዋሱ ላይ መኖር አለበት አለ። ዛሬ ሪሴፕተር የምንለው እሱን ነው፤ ላንግሌይ ግን አላየውም፣ ከውጤቱ ተነስቶ ነው የደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሌዊ የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ ወሰደ፤ የአንደኛውን ልብ ቬገስ ነርቭ ቀስቅሶ ምቱ ሲዘገይ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ልብ አዞረው። ያኛውም ዘገየ። ነርቭ የሚናገረው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፤ ኬሚካሉም አሴቲልኮሊን ነበር። ሌዊ በኋላ እንደተረከው የሙከራው ሐሳብ የመጣለት በሕልሙ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ነቅቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ሲነጋ ግን የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። ሕልሙ በማግስቱ ሌሊት ባይመለስለት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡና ማስታወሻችሁን በሚነበብ ጽሑፍ ያዙ።

ሪሴፕተርን ስናስተምር ሁላችንም የቁልፍና የጓጉንቸር ምሳሌ እንጠቀማለን። ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ለሁለተኛው ቀን ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ቁልፍ ወይ ይከፍታል ወይ አይከፍትም፣ መድኃኒት ግን በከፊል የሚከፍት አለ። የሕመም ማስታገሻው ቡፕረኖርፊን ከሞርፊን እጅግ ባነሰ መጠን ሪሴፕተሩን አጥብቆ ይይዛል፤ የያዘውን ግን ሙሉ በሙሉ አይቀሰቅስም፣ ስለዚህ መጠኑ ቢጨመርም ኃይሉ የሆነ ጣሪያ ላይ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ነው በትንሽ መጠን መሥራትና ብዙ መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምንለው። በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ «ቡሜታናይድ ከፉሮሴማይድ የበለጠ ሽንት ያስወጣል፣ 1 ሚሊግራሙ የ40 ሚሊግራሙን ያህል ይሠራልና» የሚል መልስ አነባለሁ። ሁለቱ የሚያስወጡት የሽንት ጣሪያ ተመሳሳይ ነው፤ የሚለያዩት እዚያ ለመድረስ በሚያስፈልጋቸው የሚሊግራም ቁጥር ብቻ ነው። ከጤነኛ ኩላሊት ምን ያህል ጨውና ውኃ ማስወጣት ይቻላል ከተባለ ሁለቱም ታያዛይድ ከሚባሉት ይበልጣሉ፣ በምንም መጠን ታያዛይድ አይደርስባቸውም። የመጀመሪያው ልዩነት ለኪኒኑ ፋብሪካ ነው፤ ሁለተኛው ለታማሚው።

ብዙዎቻችሁ የምትደናቀፉት ሳናዝዘው የውስጥ አካላትን በሚመራው በራስ ገዙ የነርቭ ሥርዓት መድኃኒቶች ላይ ነው፤ የሚያደናቅፋችሁም ፋርማኮሎጂው ሳይሆን ያለፈው ዓመት ፊዚዮሎጂ ነው። ከመድኃኒቱ ስም በፊት ስድስት ቦታዎችን ያዙ፤ ዓይን፣ ልብ፣ የአየር ቧንቧ፣ አንጀት፣ የሽንት ፊኛና ዕጢዎች። አሴቲልኮሊን በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ካወቃችሁ አትሮፒን የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ አንጀት ይዝላል፣ ሽንት ይያዛል፣ ላብ ይቆምና ቆዳ ይግላል። የፕሮስቴት ዕጢው ላበጠ አረጋዊ ለምን እንደሚያሠጋ ከዚህ ዝርዝር ማውጣት እንጂ ለብቻው መሸምደድ አያስፈልግም። ፀረ ተባይ ኦርጋኖፎስፌት የጠጣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሥዕሉን ገልብጡት። አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ታግዷልና ኬሚካሉ በየቦታው ሞልቷል፤ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ተሞልቷል፣ ልቡ ዘግይቷል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጥና ይዝላል። አትሮፒን ከእነዚህ የትኛውን ያስተካክላል፣ የትኛውን አያስተካክልም? የጡንቻው መዛል ያለበት ሪሴፕተር ኒኮቲኒክ የሚባለው ሲሆን አትሮፒን የሚያግደው ሙስካሪኒኩን ነው። ስለዚህ ታማሚው አፉ ደርቆ፣ ሳንባው ጠርቶም ቢሆን የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሊደክሙበት ይችላሉ፤ ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ።

ስለ ስሞች ያለኝ ምክር አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የመድኃኒቶችን ዓለም አቀፍ የጋራ ስሞች ዝርዝር ያወጣል፤ በዚያ አሰያየም የስሙ ጭራ ቤተሰቡን ይናገራል። «ኦሎል» የሚጨርሱት የቤታ ሪሴፕተር አጋጆች፣ «ፕሪል» እና «ሳርታን» የሚጨርሱት የደም ግፊት፣ «ፕራዞል» የሚጨርሱት የጨጓራ አሲድ መድኃኒቶች ናቸው። ከየቤተሰቡ አንድ አንጋፋ መርጣችሁ እሱን ከሥር እስከ ጫፍ እወቁት፤ ሌሎቹን በምን እንደሚለዩ ብቻ ያዙ። ጭራውን ግን በሙሉ አንብቡት። አሪፒፕራዞል ጆሮ ላይ እንደ ኦሜፕራዞል ያስተጋባል፤ ይሁንና ጭራው «ፒፕራዞል» ነው፣ የሚሰጠውም ለአእምሮ ሕመም ነው።

ቤተሰቡን ማወቅ የጎንዮሽ ጉዳትንም ያሳያችኋል። በተማሪነቴ በታማሚ አልጋ አጠገብ ቆመን ሳለ መምህሩ ስለ ፕሮፕራኖሎል ጠየቀኝና «ለአስም ታማሚ አይሰጥም» ብዬ በኩራት መለስኩ። «ለምን?» አለ። ዝም አልኩ። ቤታ ሪሴፕተር በልብም በአየር ቧንቧም እንዳለ፣ ፕሮፕራኖሎል ሁለቱን ሳይለይ እንደሚያግድ፣ በአየር ቧንቧ ያለው ሲታገድ ቧንቧው እንደሚጠብ ባውቅ ኖሮ ሕጉን ማስታወስ ባላስፈለገኝ ነበር። ከመድኃኒቱ ሥራ ተነስቶ የማይገመት ጉዳትም በእርግጥ አለ፤ ክሎራምፌኒኮል አልፎ አልፎ የአጥንት መቅኔን ደም እንዳያመርት ማድረቁን የመሰለ። ሽምደዳችሁን ለእንዲህ ዓይነቱ አስቀምጡት፤ ቁጥሩ ከምትፈሩት ያነሰ ነው።

ስሌትን የሚንቅ ተማሪ ሁልጊዜ አለ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ታዘዘ እንበል፤ 300 ሚሊግራም ማለት ነው። በእጃችሁ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ከያዘ የምትሰጡት 12.5 ሚሊሊትር ነው። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው፤ የሚገድለው ግን የነጥብ ቦታ ነው። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አትጻፉ፤ «1.0» ነጥቡ ከደበዘዘ 10 ተብሎ ይነበባል። ከአንድ ለሚያንስ ቁጥር ደግሞ ከነጥቡ በፊት ዜሮ አትርሱ፤ «.5» እንዲሁ 5 ይሆናል። ማይክሮግራምና ሚሊግራም ሲምታቱ ስሕተቱ የሺህ እጥፍ ነው፤ በማይክሮግራም በሚለካ እንደ ዲጎክሲን ባለ መድኃኒት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻኝም።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፓራሴልሰስ መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው መጠኑ ነው ያለው ለሁሉም ይሠራል፤ በግልጽ የሚያሳየው ግን ማንም የማይፈራው ፓራሲታሞል ነው። በተገቢው መጠን ጉበት አብዛኛውን ከሌላ ነገር ጋር አጣምሮ በሽንት ያስወጣዋል፤ ጥቂቱ ብቻ ወደ መርዛማ ንጥረ ነገር ይለወጥና ግሉታታዮን የተባለው የጉበት መከላከያ ወዲያው ያመክነዋል። መጠኑ ሲበዛ የተለመደው መንገድ ይሞላል፣ ብዙው ወደ መርዛማው መንገድ ይዞራል፣ ግሉታታዮኑም ያልቃል። የከፋው ነገር ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ታማሚው ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጉበቱ መጎዳቱ የሚገለጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻው አሴቲልሲስቴን ግሉታታዮንን የሚተካ ሲሆን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ደህና ነኝ» የሚለው ታማሚ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የምትከራከሩት በዚህ ዕውቀት ነው።

እንዴት ይጠና ለሚለው ጥቂት ልበል። ለእያንዳንዱ አንጋፋ መድኃኒት ከዝርዝር ይልቅ መስመር ሳሉ፤ በአግድም ጊዜ፣ በቁም በደም ውስጥ ያለው መጠን። በመስመሩ ላይ ሥራው የሚጀምርበትንና መርዝ የሚሆንበትን ከፍታ አመልክቱ፤ ሁለቱ ከተቀራረቡ መድኃኒቱ ክትትል እንደሚፈልግ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ደጋግሞ ማንበብ ዕውቀት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ደብተሩን ዘግታችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 የመርሳትን ፍጥነት በራሱ ላይ ለክቶ ባሳተመ ጊዜ ያገኘው መስመር ከመድኃኒት መወገድ መስመር ጋር የሚመሳሰል ሆነ፤ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘገያል። በፈተና ዋዜማ የሚወሰድ አንድ ትልቅ መጠን ለማግስቱ ይበቃ ይሆናል፤ ለሁለተኛው ወር ግን በየተወሰነ ጊዜ የሚደገም ትንሽ መጠን ይሻላል። በቡድን ስታጠኑም አንዳችሁ ታማሚ ይሁን፤ ሌላው በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ አንድም የመማሪያ ቃል ሳይጠቀም ያስረዳው።

ለመጀመሪያው ቡድን ጥያቄውን ዛሬ እሰጣለሁ። ከፍተኛ መጠን ያለው ሞርፊን የወሰደ ወጣት ትንፋሹ በደቂቃ ወደ 4 ወርዶ፣ ብሌኑ ጠብቦ መጣ። ማርከሻው ናሎክሶን በደም ሥር ተሰጠውና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነቃ፤ ትንፋሹ ተስተካከለ፣ ተነስቶም ተቀመጠ። ወንድሙ ኮቱን እያለበሰው «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ነቅቷልና እንሂድ» ይላችኋል። ናሎክሶን ሞርፊኑን ከሪሴፕተሩ ገፍቶ ቦታውን ያዘ እንጂ ከሰውነቱ አላስወጣውም፤ የናሎክሶን ሥራ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይቆያል፣ ሞርፊኑ ግን ከዚያ በላይ። አሁን ከወንድምየው ፊት ቆማችኋል፤ ሪሴፕተርም ግማሽ ዕድሜም የሚሉት ቃል አያውቅም። «ወንድሜ፣ ያነቃነው መድኃኒት ቶሎ ያልቃል፤ ያስተኛው ግን ገና ደሙ ውስጥ አለ። እዚሁ ከእኛ ጋር ይቆይ፤ ተመልሶ ቢተኛ እንድንደርስለት» ብላችሁ ኮቱን ታስወልቁታላችሁ።